በሰው አገር የመጀመሪያው ቀን

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፥ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ባልና ሚስት አለመግባባት ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን ከቤት ወጣ እንበል። «ብቻዬን ወደ ውጭ አገር ልሄድ ነው፤ ከአዳማ አልፌ አላውቅም፤ ሰው የማላውቅበት ከተማ ገብቼ የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ነው የማሳልፈው?» የሚል ጥያቄ ከእህቶች ሲቀርብልን ይህ የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ምክር ደርድሮ መልስ መስጠት ይቻላል። እኔ ግን በራሴ የደረሰውን ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። በዚያች ቀን የሠራሁት ስሕተት በእኔ ላይ ያመጣው ነገር ቢኖር ጥቂት ላብና ጥቂት ኀፍረት ብቻ ነው። በሌላ ሰው ላይ ያመጣው ግን ከዚያ የከበደ ነበር።

ያደግሁት ወለንጪቲ ነው። ለማያውቋት፥ ወለንጪቲ ከአዳማ በስተምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ የቦሰት ተራራ ከሩቅ የሚታይባት፥ ጤፍና በቆሎ የሚያመርት ገበሬ የሚገበያይባት የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት። ከተማዋን ለሁለት ሰንጥቆ የሚያልፈው አስፋልት ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ነው። የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሚያልፍ፥ ከባድ መኪናው ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። እኛ ልጆች ሆነን መንገድ ዳር ተቀምጠን ተሳቢ ያለውን እየቆጠርን እንወራረድ ነበር። ጅቡቲ ማለት ለእኔ መኪና የሚፈለፈልበት አገር ይመስለኝ እንደነበር ሳስታውስ ዛሬም ያስቀኛል። ትንሽ ከፍ ስል ደግሞ እዚያ ባሕር እንዳለ ሰማሁ፤ ባሕር የማየት ምኞቴ የተጀመረው ያኔ ነው።

ምኞቱ የተፈጸመው በመስከረም 2012 ዓ.ም. ነው። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ብቻዬን ልሄድ ወሰንኩ። ዘመድ አዝማድ «ምን ልታደርጊ? ከማን ጋር?» ማለቱ አልቀረም። ሴት ልጅ ለሥራ፥ ለሕክምና ወይም ለትዳር ከሄደች ይገባቸዋል፤ ለማየት ብላ ብቻዋን ከሄደች ግን አንድ የደበቀችው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። እርግጥ በዚህ መስመር ብቻቸውን የተመላለሱ ሴቶች ከእኔ በፊት ብዙ ነበሩ። በአሮጌው ምድር ባቡር ከድሬዳዋ ጨርቅና ሽቶ በቀሚሳቸው ሥር ጠቅልለው ልጆች ያሳደጉ እናቶችን የማያስታውስ የመስመሩ ነዋሪ የለም። ኮንትሮባንድ ነውና አላወድሰውም፤ ወኔያቸውን ግን መካድ አይቻልም።

ለመሰናበት ወለንጪቲ ስሄድ ግን የጉዞው ነገር ተለወጠብኝ። መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ፥ ከእናቴ ጋር ቡና የሚጣጡ እናት ወሬውን ሰምተው ኖሮ መጡ። አንዲት ልጃቸው ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ጅቡቲ ሄዳ በሰው ቤት ተቀጥራለች። በየወሩ ትደውል፥ አልፎ አልፎም ጥቂት ገንዘብ ትልክ ነበር። ከጥር 2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ድምጿ ጠፋ፤ ስልኩም አይጠራም።

ጥር 2011 ሲሉኝ የፈሩት ገባኝ። በዚያ ወር 21ኛው ቀን በሰሜን ጅቡቲ፥ ኦቦክ አጠገብ፥ ጎዶሪያ ከሚባለው ስፍራ ወደ የመን የተነሡ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 የሚበልጡ ስደተኞች ሞተዋል። እኒህ እናት ልጃቸው ወደዚያ እንደማትሄድ ነግራቸዋለች፤ ነገር ግን ሴትዮዋ ለስምንት ወር ያህል የሚያስቡት ያንኑ ነው። ለቅሶ አይቀመጡ ነገር ሬሳ የለም፤ ተስፋ እንዳያደርጉ ደግሞ ስምንት ወር ረዘመባቸው። ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ሰጡኝ። በላይዋ ላይ ማይጠራው ቁጥር፥ ከሥሩ «ካርቲዬ 2፥ ከመስጊዱ ጀርባ፥ የየመኑ ሱቅ» የሚል ተጽፎባታል። ከዚህ ሌላ አንድ ፎቶግራፍ፥ በፌስታል የታሰረ በሶና አንድ ኪሎ በርበሬ ጨመሩልኝ። «አግኝተሻት ባይሆንም በርበሬውን እዚያው ላለ ለአገሯ ሰው ስጪልኝ» አሉና ሄዱ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። አሮጌው ሐዲድ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. የፈጀ ሲሆን፥ በአዲሱ ባቡር እኔ ከአዳማ ጠዋት ተሳፍሬ በዚያው ዕለት ማታ ደረስኩ። በመስኮት ያየሁትን መተሐራና የበሰቃን ሐይቅ፥ የአዋሽን ገደል፥ የድሬዳዋን አሸዋ ብተርክላችሁ ጋዜጣው አይበቃኝም። ወደ ባሕሩ በቀረብን መጠን አየሩ እንደ ምጣድ እያጋለ መጣ። ናጋድ የተባለው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ፥ በጨለማ ከባቡር የወረደች ብቸኛ ሴት ታክሲ ሳትይዝ ከተማ አትገባም። እዚያ ያደረግሁትን አንድ ትክክለኛ ነገር ልንገራችሁ፤ በባቡሩ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጡት ባለትዳሮች ጋር ቀድሜ ተነጋግሬ ታክሲውን ለሦስት ተከራየን። ዋጋውንም ሻንጣችን ከመጫኑ በፊት ቆረጥን። ሻንጣ ከተጫነ በኋላ የሚደረግ ክርክር የትም አገር አያዋጣም።

የያዝኩት አነስተኛ ማረፊያ ካርቲዬ 2 አጠገብ መሆኑን ስሰማ መታገሥ አቃተኝ። የማረፊያው ዘበኛ በዚያው ሌሊት ወሰደኝ። ሱቁ ክፍት ነበር። ባለሱቁ በድሬዳዋ ብዙ ዓመት የኖሩ የየመን ተወላጅ ሽማግሌ ስለሆኑ፥ በዝግታ ቢሆንም አማርኛ ይናገራሉ። ፎቶግራፉን ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩና፥ «አውቃታለሁ። ሁልጊዜ ለቤቱ ዳቦ ልትወስድ ትመጣለች። ነገ ስምንት ሰዓት ነይ፤ እነግራታለሁ» አሉኝ።

እንዴት እንደተኛሁ አላውቅም። ልጅቷ አለች! ለእናቲቱ በዚያው ሰዓት ልደውል ብዬ ስልኬን ካነሣሁ በኋላ ተውኩት። በዓይኔ ሳላያት «አለች» ብል፥ ነገ ሌላ ሰው ሆና ብትገኝ እኒያ እናት ሁለተኛ ጊዜ ይቀብሯታል።

እሑድ ጠዋት ነው እንግዲህ የመጀመሪያው ቀኔ። ከስምንት ሰዓት በፊት ሙሉ ጠዋት አለኝ ብዬ፥ ልቤ በደስታ እንደ ሞላ ከተማውን ላይ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያስደነቀኝ እሑድ የሥራ ቀን መሆኑ ነው። ዓርብ እንጂ እሑድ አይዘጋም። ደብተር የያዘ ተማሪ፥ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሠራተኛ መንገዱን ሞልቶታል። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ በነጠላ የሚመለስ ሰው ለማየት የለመደ ዓይን ትንሽ ግር ይለዋል። ስለዚህ ወደዚያ የምትሄጂ እህቴ፥ የቢሮ ጉዳይ ካለሽ ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ጨርሺ።

ሁለተኛው ያስደነቀኝ የገንዘብ መንዛሪዎቹ ነገር ነው። በእኛ አገር ባንክ ማለት ሕንፃ ነው። እዚያም ባንክ ሞልቷል፤ ነገር ግን በገበያው ዳር በጥላ ሥር፥ ሰፊ ቀለማም ሻሽ የለበሱ ሴቶች ገንዘቡን በጭናቸው ላይ በቦርሳ ይዘው ተቀምጠዋል። ሳሪፍሌ ይሏቸዋል። ዶላር፥ የጅቡቲ ፍራንክ፥ የእኛም ብር በእጃቸው አለ። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ተቆርጦ የተያያዘ በመሆኑ፥ የዕለቱ ዋጋ ስንት ነው ብሎ ብዙ መጨቃጨቅ የለም። በዚያን ጊዜ የእኛ አንድ ብር በባንክ ስሌት 6 ፍራንክ ያህል ይሆናል። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ፊት ቆሜ 20 ዶላር ስዘረዝር ማንም ወንድ መሐል አልገባም፤ ቆጥራ ሰጠችኝ፥ ቆጥሬ ተቀበልኩ። ደግማ እንድቆጥር ደግሞ በእጇ አመለከተችኝ። ብዙ ገንዘብ የምትዘረዝሪ ከሆነ ባንክ መግባቱ ይሻላል፤ ለዳቦና ለታክሲ ለሚሆነው ግን እኔ እነሱን መረጥኩ። ገንዘብ በሴት እጅ አይበረክትም የሚሉ ወንዶቻችን አንድ ቀን እዚያ ጥላ ሥር ቢውሉ ደስ ይለኛል።

የቋንቋው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። መንግሥቱ የሚሠራው በፈረንሳይኛና በዐረብኛ፥ ሕዝቡ የሚነጋገረው በሶማሊኛና በአፋርኛ ነው። እኔ ከአራቱ አንዱንም አላውቅም። ይሁን እንጂ ወለንጪቲ ያደገ ሰው ኦሮምኛ ያውቃል፤ እሱ ነው የረዳኝ። አንዲት ሎሚ ሻጭ «ሸን» ስትለኝ አምስት ማለቷ ወዲያው ገባኝ፤ በኦሮምኛም አምስት ሸን ነውና። አራት በእነሱ አፈር፥ በእኛ አፉር፤ ዘጠኝ በእነሱ ሰጋል፥ በእኛም ሰገል ነው። ከሎሚዋ ሻጭ ጋር በጣት እየቆጠርን እስከ አሥር ስንደርስ ሁለታችንም ሳቅን። አሥር ላይ ተለያየን። በሰው አገር ጠዋት የምታውቂውን አንድ ቃል መስማት ምን ያህል ልብ እንደሚያሳርፍ ያላየው አይረዳውም። ለማንኛውም፥ «እሚሳ?» ማለት «ስንት ነው?» ነው፤ «ቢዮ» ውኃ ነው፤ «ናበድ» ሰላምታ ነው። ከፈረንሳይኛው «ቦንዡር»ና «መርሲ» ይበቃሉ።

ከዚያ ምኒልክ አደባባይ ደረስኩ። ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ አደባባዩ በነፃነቱ ቀን ተሰይሟል፤ ሰው ግን ዛሬም ምኒልክ ነው የሚለው። ዙሪያውን በቅስት የታነጹ ነጫጭ የፈረንሳይ ዘመን ሕንፃዎች ስላሉ፥ ከፀሐይ ተሸሽጎ በቅስቶቹ ሥር መዞር ይቻላል። ከአደባባዩ ዝቅ ሲሉ በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ነጭ ሚናሬት ይታያል፤ ከሱ ሥር ያለው ገበያ የእኛን መርካቶ አነስ አድርጎ የባሕር ሽታ የጨመሩበት ነው። ሽታው አለ፥ ባሕሩ ግን አይታይም። ልሄድና ልየው አልኩና «ልጅቷን ካገኘሁ በኋላ በሰላም አየዋለሁ» ብዬ አቆየሁት።

ስለ አለባበስ ብዙዎች ትጠይቃላችሁ። የማንንም ዓይን ለማስደሰት ሳይሆን ለሙቀቱ ሲባል ሰፋ ያለ የጥጥ ቀሚስና ስስ ሻሽ ይበቃል። መስከረም በእኛ ዘንድ የአደይ ወር ነው፤ እዚያ ግን ሙቀቱ ገና ከ35 ዲግሪ አልወረደም። ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ የተጣበቀው ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በወንዶች በኩል የገጠመኝ ነገር ቢኖር «እህት፥ ታክሲ?» የሚል ጥሪ ብቻ ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትዞር ግራ የገባት መስላ መቆም የለባትም፤ መንገድ ሲጠፋኝ መሐል ላይ ቆሜ ከመገላመጥ ይልቅ ወደ አንዲት ሴት ሻጭ ጠጋ ብዬ አንድ ነገር እገዛለሁ፤ ከገዛሁ በኋላ እጠይቃለሁ። በዚህ ዘዴ ከቀትር በፊት ስድስት ሎሚ፥ ሁለት መሐረብና አንድ የማልፈልገው ማበጠሪያ ገዝቻለሁ።

በገበያው ጥግ ቡና የምታፈላ የአገሬ ልጅ አየሁ። ረከቦቷን ሳይ ነው ያወቅኋት። «ነይ ቅመሺ፥ የማን አገር ነሽ?» ብላ ጠራችኝ። እኔም «ስመለስ» ብያት አለፍኩ። ከአገሬ ሰው ለመሸሽ አስቤ አይደለም፤ ሰው አገር መጥቼ የአገሬን ቡና ከጠጣሁ ምኑን ተጓዝኩ በሚል የጅል ኩራት ነው። ይህንን ያነሣሁት ኋላ ዋጋ ስላስከፈለኝ ነው።

ምሳ መብላት ከሁሉ የከበደኝ ነገር ነበር። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው በሰው በተሞላ ምግብ ቤት ብቻውን መሶብ፥ ይቅርታ፥ ጠረጴዛ መያዝ ያፍራል። ሁለት ምግብ ቤት በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁና የየመን ዓሣ አዘዝኩ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጠበስ፥ በርበሬ የተቀባ ዓሣ ነው፤ እንደ አንሶላ የሰፋ ቂጣ ይመጣለታል። የገበታው መጠን ለሦስት ሰው ነው። አስተናጋጁ የቀሪውን ሰው መምጣት ሲጠብቅ ቆይቶ እንደማይመጣ ሲረዳ ውኃ በነፃ ጨመረልኝ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ከተማው ድንገት ተነቃነቀ። በየጥጉ የተቀመጡ ሴቶች ጠረጴዛቸውን ማርጠብ ጀመሩ፤ መኪናዎች በፍጥነት መጡ፤ ወንዶች ተሯሯጡ። ለካ ከእኛ አገር ከሐረርጌ በየቀኑ የሚላከው ጫት መድረሱ ነው። ከዚያ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ጭር አለ። ሱቅ ሁሉ መዝጊያውን አወረደ። እኔ በባዶው መንገድ፥ በእሳቱ ፀሐይ፥ ፌስታሌን ይዤ በደስታ ወደ ካርቲዬ 2 ተጓዝኩ። ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ።

ሱቁ ተዘግቷል።

አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። በሩ ሥር በጠበበች ጥላ ቆምኩ። ስምንት ከሩብ፥ ስምንት ተኩል። በሐሳቤ ሽማግሌውን ስወቅስ ቆየሁ። ቃላቸውን የማያከብሩ፥ እንግዳን የሚያንገላቱ አድርጌ ሳልኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ብቅ ብሎ በጣቶቹ አራት አሳየኝ። አራት? አራት ሰዓትማ አልፏል ብዬ ተናደድኩ። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ እንኳ አልገባኝም። የገባኝ ልጁ የእጅ ሰዓቴን ይዞ ትንሿን ዘንግ ሲያመለክተኝ ነው። የእኔ ሰዓት ዘጠኝ የሚለውን የእነሱ ሰዓት ሦስት ይለዋል።

ውድ አንባቢያን፥ ጅቡቲና ኢትዮጵያ አንድ ፀሐይ ነው የሚወጣላቸው፤ የሰዓት ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ የአቆጣጠሩ ነው። እኛ ከንጋት ጀምረን አንድ፥ ሁለት እንላለን፤ እነሱ እንደ ተቀረው ዓለም ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ። ይህንን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፥ በሥራዬም በየቀኑ አገኘዋለሁ። ነገር ግን ሽማግሌው በአማርኛ ስላነጋገሩኝ፥ ሰዓቱንም በአማርኛ የነገሩኝ መሰለኝ። ስምንት ያሉት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከሎሚ ሻጯ ጋር በጣቴ ስቆጥር ነበር።

ሱቁ የተከፈተው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌው ሲያዩኝ አልተቆጡም፤ ተቆጥተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ከእናትሽ ዘንድ ሰው መጥቷል አልኳት። ቆመች። አንድ ሰዓት ከግማሽ ቆመች። እመቤቷ ልጅ ልካ አስጠራቻት። እያለቀሰች ሄደች» አሉኝ።

«ለምን አለቀሰች?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ ግን መልሱን አውቄዋለሁ።

«እናቴ ሞታ ይሆናል አለች። መርዶ የያዘ ሰው ነው፥ አይቶኝ ልቡ ፈርቶ ተመለሰ አለች።»

እናንተስ ብትሆኑ? ስምንት ወር ከእናቷ ጋር ያልተነጋገረች ልጅ፥ ሳይታሰብ ከአገሯ ሰው መጣ ስትባል፥ ያውም በሌሊት የጠየቀ፥ ነገ እመጣለሁ ያለና የቀረ፥ ምን ብላ ታስባለች? እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። እኔ አደባባይ ለአደባባይ ስዞር፥ ማበጠሪያ ስገዛ፥ ዓሣ ስበላ፥ አንዲት ልጅ በሕይወት ያሉ እናቷን ቀብራ ውላለች።

የምትሠራበትን ቤት ሽማግሌው አያውቁትም። ካርቲዬዎቹ በር ከበር የተጣበቀባቸው ሰፈሮች ስለሆኑ፥ አንኳኩቶ መፈለግ የሚሞከር አይደለም። እስከ ነገ ዳቦ ሰዓት ልጠብቅ? አንድ ሌሊት ለእሷ ሌሊት አይደለም። ያን ጊዜ ያቺ ቡና የምታፈላው ትዝ አለችኝ። ሮጬ ሄድኩ። ፎቶግራፉን ገና ሳላወጣ «አንቺ ነሽ እንዴ ከወለንጪቲ የመጣሽው?» አለችኝ። «ልጅቷ አራት ሰዓት ላይ እዚህ መጥታ አልቅሳብኝ ሄደች። ማን እንደሆነ ያየ ካለ ንገሩኝ ብላለች። ጠዋት ያለፍሽኝ ጊዜ ጠይቄሽ ነበር፤ የማን አገር ነሽ ብዬ።» መልስ አልነበረኝም።

ረከቦቷን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ራሷ መራችኝ። ከአምስት ሴቶች ቤት ጠይቀን፥ ስድስተኛዋ መንገዱን አሳየችን። አመሻሹ ላይ፥ መስጊዱ አዛን ሲል፥ አንድ ሰማያዊ የብረት በር ተከፈተና ልጅቷ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«አሉ፤ ደኅና ናቸው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኳት። አላመነችኝም። ሰው ሊያረጋጋ ሲል እንዲህ እንደሚል ታውቃለች። በሶውን ሰጠኋት፤ ፌስታሉን ፈትታ አሸተተችው፤ እሱም አላሳመናት። ስልኬን አወጣሁና ወለንጪቲ ደወልኩ።

ከመገናኘታቸው በፊት ከእሷ የሰማሁትን ላስቀድም፤ ለእናቶችም ለልጆችም ይጠቅማልና። በጥር ወር ስልኳን ተሰረቀች። የእናቷ ቁጥር ያለው በዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር፤ በቃሏ አታውቀውም። ሁለት ጊዜ በከባድ መኪና ሾፌር ቃል ልካለች፤ አልደረሰም። ከዚያም የመጀመሪያዋ አሠሪ የአራት ወር ደመወዝ ሳትከፍላት አሰናበተቻት። «ሦስተኛ ሾፌር መፈለግ እችል ነበር። ግን ባዶ እጄን ምን ብዬ ልላክ፥ እትዬ? ትንሽ ላጠራቅምና አልኩ» አለችኝ። የሄደችው ውል ሳይኖራት፥ በደላላ፥ 17 ዓመቷ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ለዚህ ሥራ መላክን ይከለክላል፤ ውል ይዛ በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ሠራተኛም የደርሶ መልስ መጓጓዣዋን አሠሪው እንዲችል ያዛል። ውል የሌላት ግን ተበደልኩ ብትል በእጇ የምታሳየው ወረቀት የላትም። ሠርታ መኖር የፈለገችውን ልጅ አትሂጂ ብዬ አልሰብክም። ቁጥሩን ግን በቃልሽ ያዢ፤ ካልሆነም በቀሚስሽ ጠርዝ ውስጥ ስፊው። እናቶችም ብትሆኑ «ባዶ እጅሽንም ቢሆን ደውዪ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሳይነገራቸው የሚያውቁት ይመስለናል፤ አያውቁትም።

ስልኩ አራት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። «ሃሎ፥ ማነው?» አሉ። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ዝም አለች፤ ድምፅ አጥታ። «ማነው?» አሉ ደግመው። ከዚያ እሳቸውም ዝም አሉ። ስለ ትንፋሿ ይሆን ስለ ሌላ ነገር፥ ስሟን ጠሩት።

የተባባሉትን አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው። ቡና የምታፈላው ሴትና እኔ ወደ ግድግዳው ዞረን ቆምን። ቆየት ብሎ ግን ስልኩ በድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር፥ እናቲቱ «ምን በላሽ ዛሬ?» ሲሉ ሰማሁ። ልጅቷም «ምንም» አለች፤ እውነቷን ነው። ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል አልተነሣም። ከጀርባቸው እልልታ ተሰማ፤ ጎረቤት ደርሶ ኖሯል።

በዚያ ሌሊት ቡናውን ጠጣሁት፤ ሦስቱንም። በርበሬውን ባለ ረከቦቷ ተካፈለች። ማክሰኞ ሁለታችን ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ሄደን ስሟን አስመዘገብን። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ማድረግ ይገባት ነበር።

ባሕሩን ያየሁት በማግስቱ ሰኞ ነው። ዳቦውን ቤት ካደረሰች በኋላ እመቤቷን አስፈቅዳ ይዛኝ ሄደች። ሱቁ በር ላይ የተቀጣጠርነው ስምንት ሰዓት ነበር፤ የየትኛው ስምንት መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።